ከበር የምትመለሰው ሴትዮ

ሰው ማሳቅ ለሚያየው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን እንደ ሰዓት ነው፣ ውስጡ ተከፍቶ ሲታይ ብዙ ባለጥርስ መዘውር አለበት። ሰዉ ሁሉ «ተመላሽ» እያለ የሚጠራትን ተዋናይት እንውሰድ። ጥበቧ በሙሉ በር ላይ ነበር። በቴሌቪዥን ድራማ ላይ ነገረኛ ጎረቤት ሆና ትገባለች፣ የመጣችበትን ትናገራለች፣ ተሰናብታ ትወጣለች። በሩ ሲዘጋ ቤተሰቡ እፎይ ይላል፤ ተመልካቹም አብሮ እፎይ ይላል። ልክ ያኔ በሩ ይከፈትና አንገቷ ብቅ ይላል። ቀልዱ ከምትናገረው ቃል ላይ አይደለም፣ ከእፎይታው ላይ ነው። ቶሎ ከተመለሰች ማንም አይስቅም፤ ከዘገየችም ሰዉ ረስቷታል። ስለዚህ ከበሩ ጀርባ ጆሮዋን እንጨቱ ላይ ለጥፋ ዋናው ተዋናይ ትንፋሹን እስኪያወጣ ትጠብቃለች።

ነገሩ የተጀመረው በስህተት ነው። በመጀመሪያ የሥራ ቀኗ የራሷን ቦርሳ ቀረጻው ላይ ረስታ፣ ካሜራው የቆመ መስሏት ተመልሳ ገባች። ዋናው ተዋናይ በሳቅ ፈረሰ። ዳይሬክተሩ ሊቆጣ አፉን ከፍቶ እሱም ሳቀ። ከዚያ ወዲያ የሚመጣላት ድርሰት ሁሉ በር ያለበት ሆነ። ሠራተኛ ሆናለች፣ አከራይ ሆናለች፣ በማያገባት የምትገባ አክስት ሆናለች፤ በድርሰቱ ላይ ግን አንድም ጊዜ ስም ተሰጥቷት አያውቅም።

ዕዳው የተረፈው ለልጇ ነበር። ትምህርት ቤት ሳለች የክፍሏ ልጆች በገባች ቁጥር በሩን መልሰው እየከፈቱ አንገታቸውን ብቅ ያደርጉባት ነበር። አድጋ መድኃኒት ቤት ከተቀጠረች በኋላም የእናቷን ፊልም አታይም።

«ሌላው ከፍሎ ነው የሚያይሽ፣ እኔ በነፃ ጠግቤሻለሁ» ትላታለች።

ተመላሽ ትስቃለች። ጥርስ ባዳ ነው።

ፀጉሯ መሸበት ሲጀምር አንድ ወጣት ዳይሬክተር ልጇ የሞተባትን እናት ሆና እንድትሠራ ጠየቃት። ድርሰቱን ከዳር እስከ ዳር ገልብጣ፣ ወጥቶ መመለስ እንደሌለበት ስታረጋግጥ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ልጇንም በዚህኛው ማንም እንደማይስቅባት ነግራ፣ የፊልሙ ምረቃ ላይ እንድትገኝላት ለመነቻት። ልጅቷ አንገራግራ እሺ አለች።

ቀረጻው ሰመረ። መርዶ ነጋሪዎቹ ገቡ፣ እሷ ተነስታ ከኋላቸው በሩን ዘጋች፣ እዚያው በሩ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች። ጩኸት የለበትም፤ ከጉሮሮ ሥር የሚወጣ፣ ሊያቆም ሲል የሚያገረሽ ልቅሶ ነበር። ድምፅ ቀጂው የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ፊልሙን ለጥቂት ሰዎች ለሙከራ ሲያሳዩት ግን፣ እጇ በሩን በነካ ቅጽበት ሰዉ ሳቀ። ባለቀሰች ቁጥር ደግሞ ቀልዱ አሁን ሊመጣ ነው ብሎ ይጠብቃል።

ዳይሬክተሩ ፊልሙ ወደሚቀናበርበት ጠባብ ክፍል ጠራት። ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ፣ ትዕይንቱ በእሷ ምትክ በሌላ ተዋናይት እንደገና እንደሚቀረጽ ነገራት።

«ሴትዮዋ ታምራለች» አለ፤ «ግን እንደ እርስዎ አታለቅስም። ልቅሶውን ይስጡን፣ እትዬ፤ ድምፅዎን በእሷ ፊት ላይ እንጭነዋለን።»

«ፊቴ ምን አጠፋ?»

«ሰዉ ይወደዋል እኮ። ችግሩም እሱ ነው።»

«እግሬንም ይወዱታል፣ ሲያደናቅፈኝ» አለችና ልትሄድ ተነሳች።

ስሟ እንደማይጻፍ ሲጨምርላት እጀታውን ይዛ ነበር። የመለሳት አንድ ሐሳብ ነው፤ ሌላው ባያውቅ የማሕፀኔ ልጅ ድምፄን አትስተውም አለች በልቧ። እሺ አለች።

በምስል ላይ ድምፅ መጫን ቢያዩት የሚያስደንቅ ሥራ ነው። ከፊት ለፊቷ የሌላይቱ ከንፈር ይንቀጠቀጣል፣ የሌላይቱ ደረት ከፍ ዝቅ ይላል፤ እሷ ጨለማ ውስጥ ቆማ ትንፋሿን በዚያ ደረት ትለካለች። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ማልቀሱ አላስቸገራትም። ያስቸገራት የሌላይቱ ከንፈር ሲዘጋ ማቆሙ ነበር።

በምረቃው ልጅቷ ከጎኗ ተቀመጠች። ትዕይንቱ ሲደርስ አዳራሹ ጸጥ አለ። የሳቀ የለም። ተመላሽ ፊልሙን ትታ የልጇን ፊት ማየት ጀመረች። የልጅቷ እንባ አገጯ ድረስ ወርዷል፤ ዓይኗን ግን ከዚያ ቆንጆ ፊት አልነቀለችም።

ሲወጡ፣ ደረጃው ላይ፣ ልጅቷ አፍንጫዋን እየጠረገች ጠየቀቻት።

«አንቺ የት ነበርሽ? ቆረጡሽ እንዴ?»

«ቆረጡኝ።»

«አይዞሽ እማዬ።» ክንዷን ያዘቻት። ትንሽ እንደሄዱ «ያቺ ሴትዮ ግን ምን ዓይነት ልቅሶ ነው የምታለቅሰው?» አለች። «እናት እንዲህ ናት። አንቺ እኮ አባዬ የሞተ ቀን እንኳ እኔን ስታስቂ ነው ያመሸሽው።»

እውነቷን ነው። ያን ዕለት ሕፃኗ እንዳትደነግጥ ብላ የባሏን ኮፍያ ደፍታ ስትቀልድ አመሸች። ያለቀሰችው ልጅቷ እንቅልፍ ከወሰዳት በኋላ፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ቧንቧውን ከፍታ ነው። ያንን ድምፅ ልጅቷ በዕድሜዋ ሰምታው አታውቅም፤ ታዲያ ከየት ትለየው? አሁን ንገሪያት ቢሏትም፣ ለማሳመን እዚያው መንገድ ላይ ማልቀስ ሊኖርባት ነው።

«ጎበዝ ናት» አለች ተመላሽ።

ልጅቷ የሴትዮዋ ስም ማን እንደሆነ ጠየቀቻት። የቆንጆዋን ስም ነገረቻት።