የሰዓዳን አድራሻ የተካፈሉት ስልኮች

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 ሪያድ ውስጥ የኔትወርክ ሥራ ስጀምር የማውቀው ገመድ መሳብ ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሱለይማኒያ ሰፈር ወዳለ አንድ ቪላ የወሰደኝ ኑሩ ነው፤ የተቀጠርኩበት ሱቅ ዋና ቴክኒሻን፣ የኮምቦልቻ ልጅ። ሲቀልድ እንኳ ኮስተር ይላል።

ኢንተርኔቱን ለቤቱ ዕቃዎች በሚያከፋፍለው ራውተር ቅንብር ውስጥ ገብቶ 192.168.1.1 የሚለውን ቁጥር አሳየኝ።

«ወንድሜ፣ ይሄ የራውተሩ አድራሻ ነው። እዚህ ቤት ኢንተርኔት የሚጠቀም ዕቃ ሁሉ የፊተኞቹን ሦስት ቁጥሮች ይጋራል፤ የመጨረሻው ግን የየራሱ ነው። ሁለት ዕቃ አንድ አድራሻ ከያዙ ይጣላሉ፤ መስመሩም ይቆራረጣል። ኸላስ፣ አለቀ፤ ትምህርቱ ይሄው ነው።»

ነገሩ በጣም ስለቀለለብኝ የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር።

በዓመቱ ኑሩ ለዕረፍት አገር ቤት ገባ። አንድ ዓርብ መንፉሐ ሰፈር ውስጥ ሀበሻ እህቶቻችን በጋራ ከተከራዩት ቤት፣ ኢንተርኔቱ አስቸገረን ተብዬ ተጠራሁ። ሁሉም በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ናቸው፤ ፈቃድ ያገኘች እዚያ ትመጣና አገር ቤት ትደውላለች። ወንድ ስለማይገባ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ስልኮቹን በትሪ ደርድረው አወጡልኝ።

ከበሩ ጀርባ አንዷ፣ ዘሀራ፣ «ወንድሜ፣ እናቴ አሁን ለቀዶ ጥገና ልትገባ ነው» አለችኝ። «ታናሽ ወንድሜ ደሴ ሆስፒታል አጠገቧ ስልክ ይዞ ይጠብቀኛል። ሳትገባ በቪዲዮ ዓይኗን ልየው ብዬ ነበር፤ ጥሪው እየተቆረጠ አስቸገረኝ።»

ራውተሩን አጥፍተው እንዲያበሩት አደረግሁ፤ ለውጥ የለም። ስልኮቹን አንድ በአንድ ከፍቼ የኔትወርክ አድራሻቸውን አየሁ። ሁሉም 192.168.1.20 ይላሉ።

«ይህን ቁጥር ማን ሞላው?»

«እኛው» አለች ሌላዋ። «የጓደኛችን የሰዓዳ ስልክ፣ ሱቅ ውስጥ ይህን ቁጥር ከሞሉላት ወዲህ ፈጣን ነው። በረካ አለው ብለን ከእሷ ገለበጥን።»

ውስጥ ሳቅ ሆነ፤ እኔም አላስቻለኝም። ተካፍሎ መብላት የለመደ ሰው አድራሻም ይካፈላል።

«እህቶቼ፣ ሌላውን ሁሉ ተካፈሉ፤ ይሄን ግን ራውተሩ ለየብቻ ያድላችሁ» አልኩና፣ ከዘሀራ ስልክ ጀምሬ ስልኮቹ ሁሉ አድራሻ ከራውተሩ በራሳቸው እንዲቀበሉ አደረግኋቸው። መጀመሪያ የእሷን፣ ከዚያ የሌሎቹን ስልክ በበሩ ክፍተት አቀበልኩ።

ጥሪው ገባ። ደሴ ሆስፒታል የተኛችው የዘሀራ እናት ድምፅ ተሰማ፦

«ምነው ከሳሽብኝ፣ ልጄ? አያበሉሽም?»

ደረጃው ላይ ባዶ ትሪ ታቅፌ አለቀስኩ።

ለጀማሪዎች የምለው ይህን ነው፦ በአንድ ኔትወርክ ውስጥ አንድ አድራሻ ለአንድ ዕቃ ነው። በእጅ ከመሙላትህ በፊት ሌላ ያልያዘው መሆኑን አጣራ።