ባና እየሠራሁ የተማርኩት ስፓኒሽ

መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ስፓኒሽ የሚያውቅ ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ እኔ። ሁለተኛ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። ሥራዬ ባና መሥራት ነው፤ የመንዝን ብርድ የሚመልሰውን የበግ ጠጉር ልብስ። ትምህርቴ ሦስት ዓመት ዜማ ቤት፣ ጥቂት ወራት ቅኔ ቤት ነው። እንግሊዝኛውን ራሴን በራሴ አስተማርኩ።

ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመቱ፣ ኩባ ተምሮ የመጣ የእርሻ ባለሙያ ቤታችን አንድ ክፍል ተከራይቶ ነበር። ሲዛወር አንድ ካርቶን ትቶልኝ ሄደ። ሦስት የዘፈን ካሴት ከነግጥማቸው፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የስፓኒሽና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላትም ነበረበት። ሌላ ሰው ቢሆን በካሴቶቹ ላይ የሰርግ ዘፈን ይቀዳባቸው ነበር። እኔ ተማርኩባቸው።

ዘዴዬ የዜማ ቤት ዘዴ ነው። የሽመናዬን መወርወሪያ እየወረወርኩ ቴፑን እከፍታለሁ፤ ትርጉም ሳልጠይቅ ቃሉን ከነዜማው በጆሮዬ አስገባለሁ። አንዱ ዘፈን ሳይደናቀፍ ከአፌ ሲወጣ ብቻ ወረቀቱን አያለሁ፤ መዝገበ ቃላቱን የምገልጠው በመጨረሻ ነው። ግሡንም የኔታ የግዕዙን እንዳወረዱልኝ አወረድኩት፤ ካንቶ እዘፍናለሁ፣ ካንታስ ትዘፍናለህ፣ ካንታ ይዘፍናል። የቃሉ ጫፍ ሲለወጥ ባለቤቱ እንደሚለወጥ ማንም አልነገረኝም። አንድ ክረምት ሙሉ አንዱን ዘፈን ከሌላው እያስተያየሁ ራሴ ደረስኩበት።

ባለቤቴ አጠገቤ ጠጉር እየፈተለች ትሰማለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ይህችኛዋ ምን እያለች ነው?»

«ትተኸኝ አትሂድ።»

«ያኛውስ?»

«ትተሽኝ አትሂጂ።»

«እንግዲያ ሁለቱን አገናኝተህ ገላግለና!»

ዓመታት አለፉ። የባለቤቴ ክር አንዱ ቦታ ወፍሮ ሌላው ቦታ ይቀጥን ጀመር። ጠጉሩን አማሁ፤ ጥፋቱ ግን የዓይን ሞራ ነበር። እያደር ቀኝ ዓይኗ ጨርሶ ጠፋ፤ ግራው ጥላ ብቻ ቀረው። እንዝርቷን ከነጠጉሩ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

ከዚያ አንድ በጋ የስፔን ዓይን ሐኪሞች ሆስፒታላችን መጡ የሚል ወሬ ተሰማ። ተራችን የደረሰው በመጨረሻው ቀን ነው። ባለቤቴን ለቀዶ ጥገና አስገብተዋት ውጭ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ነርሷ በችኮላ መጣች።

«ጋሼ፣ እማማ የሐኪሟ እጅ በቀረበ ቁጥር እየደነገጡ ይነሣሉ። ካልተረጋጉ ዓይናቸውን አልነካም ብላለች። ነገ ጠዋት ደግሞ ሐኪሞቹ ይሄዳሉ።»

«አስተርጓሚ የላትም?»

«ትኩሳት ይዞት ተኝቷል። በምልክት ነው የምንግባባው።»

«እኔ እያለሁ ምልክት ለምን ያስፈልጋል?» አልኩና ተነሣሁ።

አስታጥበውኝ፣ አፌን ሸፍነውኝ፣ ባለቤቴ ራስጌ አቆሙኝ። ሐኪሟ ንግግሯን እንደ በረዶ አወረደችው። ከዚያ ሁሉ አንድ ቃል ያዝኩ፤ ሉስ። አውቀዋለሁ! በሁለተኛው ካሴት፣ በሦስተኛው ዘፈን፣ በሁለተኛው አንጓ ላይ ነው። ትርጉሙ ግን አልመጣ አለ። ዜማ ቤት የተማረ ሰው ይህን በሽታ ያውቀዋል፤ ከመካከል ጀምር ቢሉት አይችልም፣ ከመጀመሪያው መነሣት አለበት። ስለዚህ ዘፈኑን ከራሱ ጀመርኩት፤ ያውም በቅዳሴ ድምፅ።

ነርሷ አፍጥጣ ቀረች። ሐኪሟ ቀና አለች፤ ቆይታ በጭምብሏ ውስጥ ታንጎራጉር ጀመር። ሁለተኛው አንጓ ላይ ስደርስ ቃሉ ከነትርጉሙ ተገኘ፤ ሉስ ብርሃን ነው። አፍቃሪው ለወዳጁ የመስኮቴን ብርሃን እዪ፣ ከዚያ አትነቃነቂ፣ እየመጣሁ ነው የሚልበት ቦታ ነው።

«ብርሃኑን እዪ፣ አትነቃነቂ ነው የምትልሽ!»

«ይህን ለማለት ነው ይህን ሁሉ የዘፈንከው?» አለች ባለቤቴ ከጨርቁ ሥር።

እጇን ሳይ ግን ጭብጧ ተፈትቷል። ለካስ ዓመታት ሙሉ የፈተለችበት ዜማ ነው። ዘፈኑን ሳቆም እጇን መልሳ ጨበጠች። ሐኪሟም አየችው መሰለኝ፣ «ካንታ!» አለችኝ። ዝፈን ማለቷ እንደ ሆነ ለመረዳት መዝገበ ቃላት አላስፈለገኝም። ሥራዋን እስክትጨርስ የካሴቱን አንድ ገጽ ሙሉ ዘፈንኩ፤ አንድ ቃል አልሳትኩም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሐኪሞቹ መኪናቸው ላይ ዕቃ ሲጭኑ፣ የግራ ዓይኗ ፋሻ ተፈታ። ባለቤቴ ነርሷን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ ከዚያ እኔን ብዙ አየችኝ።

«አርጅተሃል፤» አለች። «ድምፅህ ግን አያሳብቅም ነበር።»

እውነቷን ነው፤ ድምፄ አሁንም አላረጀም።

ከዚያ የለበስኩትን ባና ጫፍ ስባ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ወፍራሙንና ቀጭኑን ክር በጥፍሯ እየለየች ቆየች።

«ይህን የፈተልኩት እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ።»

«ይህን ለብሰህ ነው ሰው ፊት የቆምከው? ቤት ስንደርስ እንዝርቴን አውርድልኝ፤» አለችና ክንዴን ሳትይዝ ቀድማኝ ወጣች።