ሴንጌዶርጅ ሊፈታት ያልወደዳት ብርጭቆ

በጎቢ በረሃ ዳርቻ ባለችው መንደራችን ሴንጌዶርጅ የሚባል ሾፌር ነበረ፤ ልዑል እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜና ጤና ሰጥቶት ሁለቱንም በከንቱ ያሳለፈ ሰው ነው። የከብት አርቢዎች ማኅበር ፈርሶ ንብረቱ ለየቤቱ ሲከፋፈል እርሱ አሮጌዋን የሩሲያ የጭነት መኪና ወሰደ፤ በመንደሩም ሌላ መኪና ስላልነበረ ከዚያች ቀን ጀምሮ ራሱን ከሰው ሁሉ በላይ አደረገ። ድንኳኑን ነቅሎ የሚሄድ፣ ሱፍ የሚሸጥ፣ በሽተኛ የሚያደርስ ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ ይለማመጠው ነበር። መኪናይቱ አልነሣ ባለች ጊዜ ምርመራው ምንጊዜም አንድ ዓይነት ነው። ጎማውን በእግሩ ይመታል፣ ኮፈኑን ከፍቶ ጆሮውን ያዘነብላል፣ ከዚያም በቦታው የሌለ ሰው ይኮንናል። ባትሪውን የሸጠው ሌባ ነው፤ መንገዱን የሠራው ሰካራም ነው፤ ሚስቱ መንገዱ እንዲቀና ብላ በጉዞው መነሻ ጎማው ላይ የረጨችው ወተት ቀጥኗል።

ሣሩ በበረዶ ቅርፊት ሥር ተቀብሮ ከብት ባለቀበት በዚያ ክፉ የብርድ ወራት፣ ዱልማ የተባለች በግ አርቢ ከኮረብታው ማዶ ወደ መንደር መጣች። እርጉዞቹ በጎቿ በረኀብ ሊወድቁ ደርሰዋል፤ ድርቆሿም በመንደሩ መጋዘን ተቀምጧል። እንዲህ ባለ ብርድ ቤንዚን ውስጥ የገባች ጥቂት ውኃ በረዶ ሆና ነዳጁን ስለምትዘጋ፣ ሾፌሮች ውኃውን ይዞ የሚቃጠል ንጹሕ አልኮል ይጨምሩበታል። ዱልማ ከጤና ጣቢያው አንድ ጠርሙስ አልኮል ለምና ለሴንጌዶርጅ ሰጠችው። በማግሥቱ ድርቆሹ ተጭኖ ሲያበቃ፣ ዓይኗ እያየ ጠርሙሱን ነዳጅ ታንኩ ውስጥ ገለበጠው፤ መኪናይቱንም እስከ ቤቱ ነድቶ አሳደራት።

ጠዋት ራዲያተሩን በፈላ ውኃ ሞልቶ ቁልፉን ጠመዘዘ። ሞተሩ በብርቱ ዞረ፤ አልተነሣም።

«ባትሪው ነው» አለ።

«ኧረ ሴንጌ ወንድሜ፣ እንዲህ እየዞረ?» አለች ዱልማ።

«አንቺ በግሽን እለቢ። ባትሪ እንዲህ እየዞረ ነው የሚያታልለው።»

የትምህርት ቤቱ ባትሪ ተለምኖ መጣ። ሞተሩ ከፊተኛው ይልቅ ፈጥኖ ዞረ፤ እንደ ፊተኛውም ሳይነሣ ቀረ። ባለ ግመሉ ሽማግሌ ናምጂል ሱረቱን እየሳበ ቀረብ አለ።

«አሁን ደግሞ ጥፋተኛው ማን ሆነ?»

«ካንዴላ ነው አባባ ናምጂል። እርስዎ ግመልዎን ይጠብቁ።» ሴንጌዶርጅ አንዱን ካንዴላ ፈትቶ ከፍ አድርጎ አሳያቸው፤ ገመዱ ላይ ሰክቶም እሳት አስተፋው። «ይኸው! እሳቱ ጥሩ ነው፤ እሱም አጥንት መስሎ ደርቋል። ንጹሕ!»

«ይህን ያህል ዞሮ እንዴት ደረቀ? ቤንዚኑ የት ገባ?»

«ቤንዚን በብርድ ጊዜ አይታይም።»

«አሃ! እንደ አንተ ሙያ» አለ ሽማግሌው።

ዱልማ ከጀሪካን ጥቂት ቤንዚን ቀድታ ካርቡራቶሩ አፍ ላይ ጠብ አደረገች። ሞተሩ አጓርቶ ተነሣ።

«አላልኩሽም?» ብሎ ሴንጌዶርጅ ከጋቢናው ጮኸ። ቃሉን ሳይጨርስ ሞተሩ ጠፋ።

«በእጅ ሲሰጧት ትነሣለች፤ ከራሷ ታንክ ግን ምንም አይደርሳትም» አለች ዱልማ። ከነዳጅ ፓምፑ ሥር ውኃና ቆሻሻ የሚዘቅጥባትን ትንሽ ብርጭቆ በጣቷ አመለከተች። «እሷን ፍታት።»

«እሷ አትነካም!»

«ለምን?»

«ላስቲኳ ይበጠሳል። መለዋወጫ የላትም።»

«ታዲያ ፊትህ ለምን ቀላ?»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላዋቂ ነው ብለን እንታገሠው ነበር፤ አለማወቅ ከአምላክም ከሰውም ምሕረት ያገኛል። ይህ ሰው ግን ያውቅ ነበር። ሕመሙ ያለበትን ቦታ እያወቀ፣ ሌላውን የመኪናይቱን አካል ሁሉ ሲዳብስ አረፈደ። በአንድ ወገን የእርጉዝ በጎች ረኀብ፣ በሌላው ወገን የእርሱ እፍረት ቆመው ሳለ እፍረቱን አስበለጠ።

ዱልማ ገፋ አድርጋው ብርጭቆዋን ፈታቻት። ውስጧ በነጭ በረዶ ተሞልቷል። በረዶውን በመዳፏ ይዛ ትንፋሿን እፍ አለችበት፤ ማንጠብጠብ ሲጀምር አሸተተችው፤ ለናምጂልም አቀበለችው።

«የወተት አረቄ!» አለ ሽማግሌው። «ያውም ከውኃ የማይለይ። የማን ቤት አረቄ እንደዚህ እንደሚቀጥን ደግሞ አገር ያውቃል።»

ሴንጌዶርጅ አልኮሉን ጠጥቶ ጠርሙሱን በሚስቱ አረቄ ሞልቶት ኖሯል።

«ትንሽ ነው የቀመስኩት» አለ።

«ትንሽ?»

«ብርድ ነበር እኮ፣ እህቴ።»

«በጎቼስ ሞቋቸው ይሆን?»

የመታው ሰው የለም፤ ለመምታትም እጁን የሚያረክስ አልተገኘም። ታንኩንና የነዳጅ ቱቦውን ሁሉ አቅልጦ ማጥራት የሙሉ ቀን ሥራ ስለሆነ ናምጂል ግመሎቹን አመጣ፤ ድርቆሹም ከመኪናይቱ ወደ ግመሎቹ ጀርባ ተዛወረ። ሴንጌዶርጅ በዚያ ሁሉ ድካም መካከል ቆሞ ገመድ እንዴት እንደሚታሰር ያስተምር ነበር።

ግመል ቀስ ብሎ ይሄዳል። ዱልማ ከበረቷ ስትደርስ ደካሞቹን በጎች ግልገሎቻቸውን በሆዳቸው እንደ ያዙ ሞተው ተዘርረው አገኘቻቸው፤ መቆም የቻሉት ግን ድርቆሹን በልተው ተረፉ።

ብርዱ አልፎ ሰው ሁሉ ወደ አዲስ ግጦሽ ድንኳኑን ሲነቅል፣ ሴንጌዶርጅ መኪናይቱን አስነሥቶ ሳይጠሩት ከዱልማ በር ደረሰ። ከጋቢናው አንገቱን አውጥቶ፣ «እህት ዱልማ፣ ዛሬ ገና ስነካት ነው የተነሣችው! ልጫንልሽ?» አላት።

እርሷ ከናምጂል በተዋሰችው ግመል ላይ የድንኳኑን ምሰሶ እያሰረች ነበር። ዞራም አላየችው።

«ሂድልኝ፤ ግመሉን ታስበረግገዋለህ» አለችው።