ስልኩ ያነሳው የገመቹ ፎቶ

በዚያ ቀን ከድርቆሹ ክምር አጠገብ የነበርነው አምስት ነን። ማጭዳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ድንጋይ ላይ የተቀመጡት አባቴ ኦቦ ቶሎሳ፤ የመጀመሪያ ልጃቸው እኔ፣ ጫልቱ፤ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪው ታናሽ ወንድሜ ገመቹ፤ ከወላይታ እየመጣ በየዓመቱ ድርቆሽ የሚያስርልን ማርቆስ፤ አይሱዙውን አቁሞ ጭነቱ እስኪሞላ የሚጠብቀው ሹፌሩ ተሾመ። ሌላ ሰው አልነበረም። ደጋግሜ ቆጥሬዋለሁ። ለብዙ ጊዜ ስድስተኛ ሰው ተደብቆ ያየን ይመስለኝ ነበር።

አሁን እንደገና ያስቆጠረችኝ ልጄ ናት። ባለፈው ሳምንት ሽንኩርት እየከተፍኩ ስልኬን ይዛ እየሮጠች መጣች።

«እማዬ፣ ስልክሽ ሊበላሽ ነው! ቫይረስ ገብቶበታል ይላል!»

ስክሪኑ ቀልቷል፤ ይንቀጠቀጣል። ቁጥሩ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ልጄ እንግሊዝኛውን እያነበበች ነገረችኝ፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ እዚህ ጋ ካልነካሽ ፎቶዎችሽ ሁሉ ይጠፋሉ ይላል።

«ነክተሻል?»

«አልነካሁም።»

እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ። ዳታውን አጠፋሁ፤ ገጹን ዘጋሁ። ቁጥሩም ከነቀዩ ሄደ። ስልኩ ደህና ነው፣ ፎቶዎቹም አሉ። ልጄ ሳቀች። እኔ ግን ዱካ ላይ ቁጭ አልኩ። ሽንኩርቱ እያስለቀሰኝ መስሏት ውኃ አመጣችልኝ።

ሱሉልታ ኅዳር ላይ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ነው። ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ ረፋድ ላይ ፀሐዩ ሲወጣ ይጨስና ቀኑ ይፋጃል። ያን ጊዜ ሜዳው ሁሉ ይታጨዳል። ድርቆሹ ወደ ወተት ላም አርቢዎች ስለሚሄድ መኪኖቹ ከየአቅጣጫው ይመጣሉ። የአጨዳ ሰሞን ሽታው ከልብስ አይለቅም፤ ብታጥቢውም፣ ብታሰጪውም ለሳምንት አብሮሽ ይተኛል። እኔ ያን ሽታ እወደው ነበር። ትምህርቴን ከአምስተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ጀምሮ፣ እናታችን ስትሞት ማለት ነው፣ ዓመት የሚቆጠርልኝ በእሱ ነበር።

ያ ዓመት ግን ሌላ ነበር። ማስተር ፕላኑ የተባለው ነገር በሰው ሁሉ አፍ ገብቷል። አዲስ አበባ ወደ እኛ ትሰፋለች፣ መሬቱ ይሄዳል ይባላል። ካርታውን እኔም አላየሁም፣ አባቴም አላዩም። ተማሪዎቹ ለተቃውሞ ሰልፍ ወጡ። ከገመቹ ክፍል ሁለት ልጆች ተይዘው የት እንደገቡ ሳይታወቅ ሰነበተ፤ እናቶቻቸው የምሳ ዕቃ አንጠልጥለው ከጣቢያ ጣቢያ ሲዞሩ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰው ከስልኩ ላይ ፎቶ ያጠፋ ነበር። የሠርግ ፎቶ እንኳ ሰው የበዛበት ከሆነ ያጠፋ ነበር።

ገመቹም ከነሱ ጋር አንድ ቀን ወጥቶ ነበር። አንድ ቀን ብቻ።

ኔትወርክ ይመጣል ይሄዳል። ከቤታችን በላይ ባለችው ጉብታ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ብቻ ትንሽ ይይዛል። ጠዋት ቆሎ እየቆረጠምን ሳለ ገመቹ የሰልፉ ቪዲዮ አልከፈት እንዳለው ነገረኝ። «መጀመሪያ ማጫወቻ ጫን ይለኛል» አለኝ። ምን እንደሆነ አልገባኝምና «እሺ» አልኩት። ቀትር ላይ ሥራውን ጥሎ ወደ ጉብታው ሲወጣ ማርቆስ የድርቆሹን ማሰሪያ ሽቦ እያጠበቀ፣ «ተማሪው ኔትወርክ ሊያጭድ ወጣ! ሣሩን ለእኛ ትቶልናል» አለና ሁላችንም ሳቅን። አባቴ እንኳ ሳቁ።

ሲወርድ ግን አይሮጥም፣ አይራመድም። እርምጃውን እየቆጠረ እንደሚሄድ ሰው ነው የመጣው።

«ጫልቱ፣ አገኙኝ» አለኝ።

«እነማን?»

ስልኩን አዞረልኝ። ገጹ ቀይ ነው፤ ከላይ ንስር ያለበት ዓርማ አለ። ከሥሩ ፖሊስ የሚል ቃል በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ ይህንንስ አምስተኛ ክፍልም ያነበዋል። መሃል ላይ የገመቹ ፊት ነው። የትምህርት ቤት ፎቶ አይደለም፤ የዚያኑ ሰዓት ፊቱ ነው። ፀጉሩ ላይ ድርቆሽ አለ፣ አፉ ትንሽ ተከፍቷል፣ ከኋላው የራሳችን ባሕር ዛፍ ይታያል። ዞሬ ጉብታውን አየሁ። ማንም የለም። ፎቶውን ያነሳው ሰው የት ሆኖ ነው?

«ምንድን ነው የሚለው?» አሉ አባቴ።

ገመቹ አነበበ። «ሕግ ጥሰሃል ይላል። የተከለከለ ቪዲዮ አይተሃል ይላል። በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ በዶላር መቀጫ ካልከፈልክ ትያዛለህ ይላል፣ አባ።» ከሥሩ ቁጥሩ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ስልኩን አጠፋው፤ ሲከፍተው ያው ራሱ ነው። እንደገና አጠፋው። ያው።

አባቴ ፊደል አልቆጠሩም። ማጭዳቸውን መሬት ላይ አኖሩና፣ «በዶላር?» አሉ። «የእኛ ፖሊስ ከመቼ ወዲህ ነው በዶላር የሚቀጣ? ደግሞስ ከፈለጉህ ሰው አይልኩም? የቀበሌው ታጣቂ ቤታችንን ያውቀዋል። ትናንት እንኳ እርጎ ጠጥቶ ሄዷል።»

«አባ፣ አንቱ ይህን ነገር አያውቁትም» አልኳቸው።

በሕይወቴ ብዙ ነገር ተናግሬያለሁ። መልሼ ልውጠው የምመኘው ይህን ነው። ከአምስታችን ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ማርቆስ ሽቦውን እንደያዘ ቆሞ፣ «እኔ ብሆን እጸልያለሁ እንጂ አልሮጥም» አለ። ተሾመ ወደ መንገዱ እያየ ነበር። «ኦቦ ቶሎሳ፣ እኔ በዚህ ነገር አልገባም። ግን መንገድ ሊዘጋ ነው ይላሉ። የምትወስኑትን ቶሎ ወስኑ።» ጭነቱን ግማሹን ቡራዩ አራግፎ ሌላውን ሰበታ ሊያደርስ ነው። ሰበታ ደግሞ አክስታችን አለች፤ ለፋብሪካ ሠራተኞች ክፍል ታከራያለች።

ወሰንኩ። ያንን የወሰንኩት እኔ ነኝ።

«አክስቴ ጋ ትሄዳለህ። እስኪበርድ።»

«አልሄድም» አለ ገመቹ። «ሰኞ ፈተና አለኝ። ደግሞ ከሸሸሁ የሆነ ነገር የሠራሁ አይመስልም?»

«ከያዙህ ፈተናው ምን ያደርግልሃል? የነዚያን ልጆች እናቶች አላየህም? እኔን ምሳ ዕቃ አሸክመህ ልታዞረኝ ነው?»

እኔ ከወሰንኩ እሱም አባቴም አይከራከሩኝም ነበር፤ እናታችን ከሞተች በኋላ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝና።

«ስልኩን አምጣ። በእሱ ነው የሚከተሉህ።»

«የአክስቴ ቁጥር እኮ እሱ ላይ ነው።»

«ቤቷን ታውቀው የለ?»

«አንዴ ነው የሄድኩት። ልጅ ሆኜ።»

«ጠይቀህ ትደርሳለህ።» ሲም ካርዱን አውጥቼ በጥርሴ ሰበርኩት። ስልኩን በጨርቅ ጠቅልዬ ገብስ ጎታ ውስጥ ቀበርኩት። ጥንቁቅ ሰው ነኝ፤ ሁሉም እንዲህ ይለኛል። ያን ቀንም ምንም ነገር አልረሳሁም። በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በፌስታል ቋጠርኩለት፤ የአባቴን ጋቢ ደረብኩለት። ከማርቆስ ጋር ሆነን ከታሰሩት ድርቆሾች መሃል ሰው የሚይዝ ክፍተት አበጀን። ገመቹ ገባ፤ ከላይ አንድ እስር ድርቆሽ አደረግንበት።

«ለሁለት ቀን ነው» አልኩት።

ከውስጥ ድምፁ መጣ። «ጫልቱ፣ ያሳክካል።»

«ታገሥ» አልኩት።

የተነጋገርነው የመጨረሻ ነገር ይህ ነው። መኪናው ሲነሳ አባቴ አልሸኙትም። ማጭዳቸውን አንስተው ወደ ሣሩ ተመለሱ፤ ግን አያጭዱም ነበር፣ አንዱን ቦታ ደጋግመው ይመቱ ነበር።

ተሾመ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ከመኪናው ሳይወርድ ፊቱን አይቼ አወቅሁ። ቡራዩ ግማሹን ጭነት ካራገፉ በኋላ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ፣ ጎማ እየነደደ አገኙት። ሰው ይሮጣል፤ ተኩስም ይሰማል። ገመቹ ከድርቆሹ ወጥቶ፣ «በእግሬ በዚህ በኩል ሰበታ እደርሳለሁ» አለው። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ጭኮውን ይዞ፣ በእርሻዎቹ መሃል ሄደ።

«ላስቆመው ፈልጌ ነበር፣ እህቴ» አለኝ ተሾመ። «እኔም ለመኪናዬ ፈራሁ።»

እኔም ፈርቼ አይደል?

አክስታችን ጋ አልደረሰም። ያልሄድንበት የለም። ጣቢያ ጠየቅን፣ ሐኪም ቤት ጠየቅን፣ እስረኛ አለበት የተባለበት ሁሉ ምሳ ዕቃ ይዘን ቆምን። ፍርሃቴ ያሳየኝን ምሳ ዕቃ በገዛ እጄ ተሸከምኩት። መዝገብ ይገለጣል፣ ጣት ይወርዳል፣ «የለም» ይባላል። አንድ ቦታ ስም ስንሰጥ «ለምን ሸሸ?» ብለው ጠየቁን።

በጋው ሲያልቅ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል፣ ስልኩን ከጎታው አወጣሁና ከተማ ወዳለ ስልክ ጠጋኝ ወሰድኩት። ወጣት ነው፤ ሻይ አዘዘልኝ። ቀዩ ገጽ ከነገመቹ ፊት ሲበራ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጠጋኙ ግን ምንም አልደነገጠም።

«ይሄን ብዙ ስልክ ላይ አይቼዋለሁ። ፖሊስ አይደለም፣ እህቴ። ሌባ ነው። የት አገር እንደሚቀመጥ እንኳ አይታወቅም።»

«ፎቶውስ?»

«ያነሳው ስልኩ ራሱ ነው፣ በፊት ካሜራው። መስታወትም ፊትሽን ያሳይሻል፤ ስምሽን ያውቃል? ቪዲዮ ለማየት ማጫወቻ ጫን ብሎት ጭኖ ይሆናል። እሱ ነው ይህን ይዞ የገባው።»

አንዱን ቁልፍ ተጭኖ ስልኩን በሌላ መንገድ አስነሳው፤ የሆነ ነገር ፈልጎ አጠፋ። ቀዩ ሄደ። ሻዬ ገና ይተን ነበር።

«እንደዚህ ዓይነቱ መጀመሪያ ያስፈራሻል» አለኝ። «ከዚያ ያስቸኩልሻል። ሰው እንዳትጠይቂ ነው የሚያስቸኩልሽ። ዝም ብለሽ ዝጊው፣ አትንኪ፣ አትክፈይ፣ ወደሚያውቅ ሰው አምጪው።»

ስልኩ ውስጥ የነበሩት ፎቶዎች እነዚህ ናቸው፦ ጥጃችን፣ ለሰኞው ፈተና ያነሳው የባዮሎጂ መጽሐፍ ገጽ፣ ማርቆስ ምላሱን አውጥቶ። ሻዩን ሳልጠጣው ወጣሁ።

አባቴ ከሦስት ዓመት በፊት ዐረፉ። እስከ መጨረሻው አንድ ቀን «ነግሬሽ ነበር» አላሉኝም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ያ ሌባ ከእኛ አንዲት ሳንቲም አላገኘም። ምን እንደወሰደብንም አያውቅም። ፍርሃቱን ከሌላ አገር አላመጣብንም፤ ፍርሃቱ እኛው ጋ ነበር፣ በየቤቱ፣ በየመንገዱ፤ እሱ ሳያውቅ ክብሪት ጣለበት። ልጄ ስልክ ስትይዝ ደጋግሜ የምላት አንድ ነገር ነው፦ የሚያስደነግጥሽ ነገር ሲመጣ ከመንካትሽ በፊት ወደ እኔ ነይ። እኔ የማውቀው ስለሆነ አይደለም። ሁለት ሆነን እንድንቆይ ነው። አባቴ የጠየቁትን ዓይነት ጥያቄ ለመጠየቅ የሚበቃ ያህል እንድንቆይ።

ገመቹ ቀጭን ረዥም ነው። በግራ ቅንድቡ ላይ የድርቆሽ ሽቦ የቆረጠው ጠባሳ አለው። ኦሮምኛም አማርኛም ይናገራል፤ ሲያፍር ጆሮውን ይነካል። ሲሄድ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ ጋቢ ለብሶ ነበር። ከቡራዩ ወደ ሰበታ በሚወስደው በኩል ያየው፣ ያስጠለለው፣ ወይም የቀበረው ሰው ካለ፣ ሱሉልታ ድርቆሽ ከሚጫንበት መጥቶ የኦቦ ቶሎሳን ልጅ ጫልቱን ቢል ያገኘኛል። በሕይወት ካለና ካገኛችሁትም ይህን ንገሩልኝ፦ ያ ፎቶ ውሸት ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተን ብሎ ደጃችንን ያንኳኳ ማንም የለም።