ከጥያቄው የቀደመ ዱዓ

ወዳጄ ስልኩን ምንጣፉ ላይ አስቀምጦ ድምፁን ከፍ አድርጎት ነበር። አሜሪካ የምትኖረው ታናሽ እህቱ «ወንድም ጋሼ፣ ልጁ በትምህርት ቤት ስፖርት ሊጀምር ነው፤ ዱዓ አድርግለት» አለችው። እሱም መዳፎቹን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ። አብረነው የተቀመጥነው ሁሉ «አሚን» አልን። እኔ ክርስቲያን ብሆንም በዚያ ቤት አሚን ከማለት ወደኋላ ብዬ አላውቅም። ወዳጄ ስፖርቱ ምን እንደሆነ የጠየቀው ፊቱን በመዳፎቹ ካበሰ በኋላ ነው።

«የአሜሪካ እግር ኳስ» አለች እህቱ። «ያ የሚጋጩበት።»

እዚህ ጂቡቲ ካርቲየ 3 ሰፈር ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያለው ይህ ወዳጄ ከድሬዳዋ ነጋዴ ቤተሰብ ነው የተወለደው። በእነሱ ቤት ጉዞም ሆነ ጋብቻ ወይም ሱቅ ያለ ቤቱ ታላቅ ሰው ዱዓ አይጀመርም። ዱዓው ከተደረገ ደግሞ ፈቃድ ተሰጠ ማለት ነው፤ በማግስቱ ሐሳቤን ቀየርኩ አይባልም። እህቱ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን የሚመለከት ነገር ሁሉ በወንድሟ ቃል ነው የሚያልቀው። ትምህርት ቤቱ የወላጅ ፊርማ ይፈልጋል። እሷ ለመፈረም የወንድሟን ቃል ስትጠብቅ ነበር፤ ወንድሟም ሳያውቀው ሰጣት።

ማታውኑ የእህቱ ልጅ ቪዲዮ ላከ። በማግስቱ ከምሳ በኋላ ጫቱ መጥቶ በርጫው ሲጀመር ሁላችንም አንድ ስልክ ላይ አጎነበስን። ራሳቸውን በሄልሜት የሸፈኑ ወጣቶች ተንደርድረው ይላተማሉ፣ ይከመራሉ፣ ይነሳሉ፣ ደግመው ይላተማሉ።

«አቦ፣ ኳሱ የታለ?» አለ ወዳጄ።

«ከሰዎቹ ሥር» አለ አብሮን የሚቅመው ፋርማሲስት። ፋርማሲስቱ የጂቡቲ ሶማሌ ነው፤ ልጅነቱን ድሬዳዋ ስላሳለፈ አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል።

«ይኼ ልጅ ኳስ ሊጫወት ነው ወይስ ግድግዳ ሊያፈርስ?»

ማንም አልሳቀም፤ ወዳጄም ሊያስቀን አልነበረም። ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ጋዜጠኛ ነህ። ያለምክንያት ዱዓዬን ላጥፍ አልችልም፤ ምክንያት ካለ ግን ሌላ ነው። አጣራልኝ። ለጭንቅላት የሚብሰው የእነሱ ኳስ ነው ወይስ የኛ? እስከ ጁምዓ ድረስ ንገረኝ።»

ቀላል ሥራ መሰለኝ። ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ያለች የለመድኳት ካፌ ውስጥ ተቀምጬ ማንበብ ጀመርኩ፤ ባነበብኩ ቁጥር መልሱ ይርቀኝ ጀመር። አንዱ ጽሑፍ ራስን ያሳተ ምት ብቻ ይቆጥራል፤ ሌላው ማዞርና ማቅለሽለሽንም ይጨምራል። አንዱ ጨዋታን ከጨዋታ ያነጻጽራል፤ ሌላው ልምምዱንም ያስገባል፤ የአሜሪካው ኳስ ጨዋታው ጥቂት፣ ልምምዱ ብዙ መሆኑን ግን በቅጡ የሚነግረኝ አጣሁ። ተጫዋቾች ከሜዳ ላለመውጣት መመታታቸውን ይደብቃሉ ይላል አንዱ፤ ታዲያ ያልተነገረውን ማን ይቆጥረዋል? ራግቢ አለ፣ ቦክስ አለ፣ ከፈረስ መውደቅ አለ። የአሜሪካው ኳስ አስጊ መሆኑን የካደ አላገኘሁም። ግን ከምን ጋር ሲተያይ፣ በስንት ዓመቱ ለጀመረ ልጅ፣ በየትኛው ቦታ ለሚጫወት?

አዲስ አበባ ያለ አንድ የነርቭ ሐኪም ደወልኩለት። ጥያቄዬን በጥያቄ መለሰልኝ፤ የልጁን ዕድሜ፣ የሚሰለፍበትን ቦታ፣ ከዚህ በፊት ተመትቶ እንደሆነ። አንድም መልስ አልነበረኝም። በመጨረሻ ሐኪሙ የነገረኝን ብቻ በእርግጠኝነት ይዤ ቀረሁ። አንጎልን የሚጎዳው አንድ ትልቅ ምት ብቻ አይደለም፤ ሰው ከቁብ የማይቆጥራቸው ትናንሽ ምቶችም ለዓመታት ሲደጋገሙ ሊጎዱ ይችላሉ። ከዚያ የሚመጣውን በሽታ በእርግጠኝነት ማረጋገጥ የሚቻለው ደግሞ ሰውየው ከሞተ በኋላ፣ አንጎሉ ሲመረመር ነው።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ይህንኑ ነገርኳቸው። እህትና ልጅ በስልክ ነበሩ፤ እነሱ ዘንድ ገና ጠዋት ነው።

«ሄልሜት አላቸው አይደል?» አለ ወዳጄ። ተስፋ የያዘ ድምፅ ነበር።

ፋርማሲስቱ መሐላችን የተቀመጠውን የሻይ ፔርሙስ አነሳ። «ይኼን ባለፈው ዓመት ከደረጃው ላይ ጣልከው። ውጪው ተጫረ?»

«አልተጫረም።»

«ውስጡስ?»

«መስታወቱ ዱቄት ሆነ። ሌላ መስታወት አስገባንለት።»

«ሄልሜት ውጪውን ነው የሚጠብቀው። አጥንት እንዳይሰበር። ውስጡ ሲናጥ አያቆመውም።»

ከስልኩ የልጁ ድምፅ መጣ። አማርኛው የእናቱ አማርኛ ነው፣ ቃላቱ ብቻ ትንሽ ይንገዳገዳሉ። «አጎቴ፣ አንተም እኮ በቴስታ ነበር የምትታወቀው። እማዬ ነግራኛለች። ድሬ ውስጥ የማዕዘን ምት ሲመጣ ሰው ሁሉ አንተን ነበር የሚያየው። አሁን ምን ሆንክ? ደህና ነህ።»

«ደህና ነኝ» አለ ወዳጄ።

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «የሱቁን ቁልፍ የት እንዳደረገ ጠይቁታ!» አለች። «ጠዋት ከኪሱ አውጥቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ወዳጄ አልሳቀም። ያቺን ቀልድ ከዚያ በፊት ስንቴ እንደሰማኋት አላውቅም፤ ያን ቀን ግን የሳቅኩበት አፌ ክፍት እንዳለ ቀረ።

«ከቴስታው ነው?» አለኝ ወዳጄ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ግን ስልኩም ሰማው።

«አላውቅም» አልኩ። «ዕድሜም ይሆናል። ሙቀቱም፣ ጫቱም፣ እንቅልፍ ማጣቱም። ቁልፍ የማይጠፋበት ሰው የለም።»

«ማነው ታዲያ የሚያውቀው?»

ሐኪሙ ያለኝን ቅድም ተናግሬዋለሁ። መድገም አላስፈለገኝም፤ ፋርማሲስቱ ዓይኑን ወደ ፔርሙሱ አዞረ።

ወዳጄ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ «ስማኝ ልጄ» አለ። «ዱዓው አይታጠፍም፤ ደህና እንድትሆን ነው የለመንኩት፣ ልመናዬ እንዳለ ነው። ፊርማው ግን ይቅር። ይኼ ሰውዬ ዕድሜውን ሙሉ ሲያጣራ የኖረ ነው። እሱ አላውቅም ያለበት ቦታ ላይ ጭንቅላትህን አታስገባም።»

ልቃወም ፈለግሁ። የእኔ አላውቅም ክልከላ አልነበረም፤ ፈቃድም አልነበረም። ግን ምን ብዬ ላርመው? የተናገርኩትን በትክክል ነው የደገመው።

ልጁ «እሺ» አለ። «እኔ እተዋለሁ። ልጅህም በቴስታ መግጨት ይተው።»

የወዳጄ ልጅ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ለሰፈሩ ቡድን የመሐል ተከላካይ ሆኖ ይጫወታል። ግድግዳውን ተደግፎ የአክስቱን ልጅ ክርክር በደስታ ሲሰማ ነበር። አሁን ቀና ብሎ ተቀመጠ። «አባዬ! ተከላካይ ነኝ እኮ! በምኔ ላስወጣ? በዱዓ?»

«በእግርህ» አለ አባቱ። «ተስማምተናል።»

በሚቀጥለው ሳምንት ጨዋታውን ለማየት ባሕሩ አጠገብ ወዳለው አሸዋማ ሜዳ አብረን ሄድን። ወዳጄ ለወትሮው ከመስመሩ ዳር ቆሞ «ውጣ! ግጨው!» እያለ ሰው የሚያደነቁር አባት ነው። ያን ቀን እጁን ወደኋላ አጣምሮ ቆመ። በመጀመሪያው አጋማሽ ከፍ ብላ የመጣች ኳስ በልጁ አናት ላይ አለፈች። ልጁ አንገቱን ሰብሮ አሳለፋት፤ ከኋላው ያለው አጥቂ ተቀብሎ አገባት።

«አንገቱ ተቆለፈበት እንዴ?» ብሎ ጮኸ አንዱ። «አባቱ ቁልፉን ጥሎታል!» አለ ሌላው። ሰፈሩ ሁሉ ያቺን ቀልድ ያውቃታል ማለት ነው። ወዳጄ ወደ ባሕሩ እያየ ቆየ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የማዕዘን ምት ሆነባቸው። ፀሐይዋ ኳሷን ከሚያሻማው ልጅ ጀርባ ዝቅ ብላ ነበር። ኳሷ ተነሳች፣ ብዙ ሰው አብሮ ዘለለ፣ አቧራ ሆነ፣ ኳሷ ከሜዳ ወጣች። የወዳጄ ልጅ ከሌሎች ሁለት ጋር መሬት ላይ ነበር። ሲነሳ ግንባሩ ላይ አሸዋ አየሁ። ግን በፊቱ ነው የወደቀው፤ አሸዋው ከኳሷም ከመሬቱም ሊሆን ይችላል።

«አየህ?» አለኝ ወዳጄ። «ጭንቅላቱ ነው ወይስ ትከሻው?»

ሳልመልስለት የመጨረሻው ፊሽካ ተነፋ፤ የወዳጄም ስልክ ጮኸ። የእህቱ ልጅ ነው፤ የጨዋታውን ሰዓት ያውቀዋል። ወዳጄ ስልኩን ከአክስቱ ልጅ ጋር እንዲያወራ ለልጁ ሰጠው። ልጁ በቴስታ መግጨቱን ሲጠየቅ እያለከለከ «ወላሂ ኳሷ የት እንደነካችኝ እኔም አላወቅኩም፤ ሁላችንም ተጋጨን» አለና ስልኩን ለእኔ አቀበለኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ አይተዋል?» አለኝ ከአሜሪካ።

ያየሁትን ነገርኩት። ፀሐዩን፣ አቧራውን፣ አሸዋውን። «ጭንቅላቱን መንካቷን አላውቅም» አልኩት።

«ባለፈውም አላውቅም ብለው ነው እኔን ያስቀመጡኝ።»

በድምፁ ቁጣ አልነበረም፤ እንዲያውም ቢኖር ይቀለኝ ነበር። ያ ልጅ አንዱን አላውቅም እንደ ክልከላ ተቀብሎ ጨዋታውን ትቷል። ሁለተኛውን አላውቅም እንደ ምን ይቀበለው?

ወዳጄ ስልኩን ወስዶ ድምፁን ከፍ አደረገው። የእህቱ ልጅ «አጎቴ፣ ሌላ ነገር ልጀምር አስቤያለሁ። ዱዓ አድርግልኝ» አለው።

ወዳጄ ስልኩን አሸዋው ላይ አስቀመጠና እንደ ልማዱ መዳፎቹን ዘረጋ። የራሱ ልጅም እኔም ዘረጋን። ከዚያ ወዳጄ እጆቹን ቀስ ብሎ አወረደ።

«ቆይ» አለ። «መጀመሪያ ምን እንደሆነ ንገረኝ።»