ጎረቤቴ የበላችው መጫወቻ

የሴቶች አረፋ ዕለት፣ በበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ... ቡታጅራ፣ እቤቴ ምድጃ ላይ መጫወቻ እያገነፋሁ ነበር።

አዎ፣ መጫወቻ። ልጆች እየጠፈጠፉ ላም፣ ቤት፣ ሰው የሚሠሩበት ሊጥ። አሠራሩን የሰጠችኝ የጓሮውን ክፍል የተከራየችኝ የሕፃናት አስተማሪ ናት፤ በወረቀት ጻፈችልኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ሃምሳን ካለፍኩ በኋላ ስለሆነ እንደ እናንተ በዓይኔ ሸርተት አላደርገውም፤ አንድ በአንድ ነው የምለቅመው። ሁለት ብርጭቆ ዱቄት፣ አንድ ብርጭቆ ጨው፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ ዘይት፣ ሎሚ። ለቀለሙ እርድ። ድስቱን እስኪለቅ ማማሰል። መጨረሻው ላይ «በፌስታል ከተጠቀለለ ሳይደርቅ ሁለት ወር ይቆያል» ይላል።

ይሄ ሁሉ ድካም ለልጄ ልጅ ለሒክማ ነው። አምስት ዓመቷ ነው። አምና ልጄ ለአረፋ ከአዲስ አበባ ይዟት ሲመጣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ «አባ፣ እዚህ ምንም የለም... መቼ ነው የምንሄደው?» አለችው። አላደሩም። ዘንድሮ እጇ የሚይዘው ነገር ካገኘች አንድ ሌሊት ታድርልኛለች ብዬ ነው። አንድ ሌሊት ብቻ።

ዱቄቱ አነሰኝና ቡላ ጨመርኩበት። ጉዱን ያመጣው እሱ ነው። ቡላው አወዛው፣ እርዱ ቢጫ አደረገው። እንዲበርድ ጣባ ላይ ገልብጬ ሳስቀምጠው ቁርጥ የእንግዳ ገንፎ!

በዚህ መሃል በሩ ተንኳኳ።

«አሰላሙ አለይኩም! ሰው አለ?»

ዘይነባ ናት፤ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ። ከተኮራረፍን ሦስት ዓመታችን ነው። ለሰፈሩ ሴቶች «እሷ ቤት ውሃ እንኳ አይቀመስም» ብላ አምታኛለች። እኔ ደግሞ የምረሳ ሰው አይደለሁም። ግን በሴቶች አረፋ የመጣችን ሴት ከበር አይመልሷትም።

«ወአለይኩም ሰላም፣ ግቢ» አልኳት፣ ፊቴን ሳልፈታ።

ተቀመጠች። ዓይኗ ጣባው ላይ አረፈ።

«ማሻአላህ፣ የቡላ ገንፎ! ልጆቹ ሊመጡ ነዋ!»

«አይበላም» ልላት አፌን ከፈትኩ... ከዚያ አሰብኩት። በበዓል ቀን እንፋሎቱ ያልወጣለት ገንፎ የመሰለ ነገር ፊቷ አስቀምጬ «መጫወቻ ነው» ብል ማን ያምነኛል? «ገንፎ ነፈገችኝ» ትላለች፤ ሳይመሽ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። እኔ ሳመነታ እሷ «ቢስሚላህ» ብላ ቆርሳ ጎረሰች።

አላመጠች። ቆም አለች። ደግሞ አላመጠች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«እንዴት ነው?» አልኳት። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሆዴ እየሳቀ ነበር።

«እጅሽ ይባረክ... ጨው ትንሽ... ይጣፍጣል ወላሂ።»

ደገመችው! ያን ሁሉ ጨው ሁለተኛ ጎረሰችው!

ውሃ ልቀዳላት ስነሳ ስልኬ ጠራ። ልጄ ነው። ጆሮዬ ስለደከመ ድምፁን ከፍ አድርጌ ነው የማወራው፤ ዘይነባም ሁሉንም ሰማች።

«እማ፣ ዘንድሮ እዚሁ ነን። ሒክማ እዚያ ይሰለቻታል፣ ታውቂያታለሽ...»

«መጫወቻ ሠርቼላት ነበር እኮ።»

«መጫወቻማ እዚህ ሞልቷታል፣ እማ። ኢንሻአላህ ለሌላ ጊዜ።»

ተዘጋ። ስልኩን አስቀመጥኩ። ከዚያ ጣባውን ወደ ራሴ ሳብኩት።

«ተይው ዘይነባ። ገንፎ አይደለም፤ ለልጅቷ የሠራሁት መጫወቻ ነው።»

«ምን እንደሆነ ባላውቅም ገንፎ አለመሆኑንማ በመጀመሪያው ጉርሻ አውቄያለሁ» አለች።

«ሁለተኛውን ታዲያ ምን አስዋጠሽ?»

የነጠላዋን ጫፍ ማፍተልተል ጀመረች። «ብተፋው ከቤቴ ውጪልኝ የምትይኝ መሰለኝ፣ እቴ። የእኔዎቹም ዘንድሮ ቀርተዋል... ቤቱ አላስቀምጥ አለኝ።»

ተነስቼ ውሃ ቀዳሁ። ውሃውን ሰጠኋት፤ ሦስት ብርጭቆ ጨለጠች።

«ይኸው፣ ቀመስሽ» አልኳት።

ሐሜቷ ትዝ አላት መሰለኝ፣ ትን አላት።

ከዚያ ሁለት አሮጊቶች ሊጥ ስንጠፈጥፍ ዋልን። እሷ ላም ሠራች፣ እኔ ቤት። ላሟ ውሻ እንደምትመስል ነገርኳት።

«ያንቺም ቤት በር የለውም» አለችኝ።

ሲመሻሽ ሄደች። የተረፈውን በፌስታል ጠቀለልኩና ወረቀቱን እንደገና ለቀምኩት። ሒክማ እስክትመጣ ይቆይ እንደሆነ ብዬ... «ሁለት ወር ይቆያል» ይላል።

ወረቀቱ ልጄን አያውቀውም።