ወለቃ ድረስ የመጣው ፈተና

ስለ ልጅነታችን የሚጽፉ የመንደሬ ሰዎች ሁሉ «ተገፍተን አደግን» ብለው ይጀምራሉ። እውነት ነው፤ ተገፍተናል። ርስት አልነበረንም። ከተሜው ቀን የእናቴን ገንቦ ተከራክሮ ይገዛና ማታ «ቡዳ በላኝ» እያለ ይጮህብናል። እኔ ግን ያን ዘመን ሳስብ ቀድሞኝ የሚመጣው ሳቅ ነው። በግድ አልቅሺ የሚለኝ ካለ ሌላ ጸሐፊ ይፈልግ።

ወለቃ ከጎንደር ወጣ ብሎ የሚገኝ የእኛ የቤተ እስራኤሎች መንደር ነው። አባቴ ማረሻ ይቀጠቅጣል፤ እናቴ ሸክላ ትሠራለች። ከመንደሩ ሴቶች ልጆች የመንግሥት ትምህርት ቤት የገባሁት የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። እናቴ የፈቀደችልኝ ግን በአንድ ቃል ነው፦ «የወደቅሽ ለት ወደ ጭቃሽ ትመለሻለሽ።»

ጭቃ አልጠላም፤ መጽሐፍ ግን ይበልጥብኝ ነበር። በደንባችን ባዕድ የነካው ሰው ሳይታጠብ ቤት አይገባም። ስለዚህ ማታ ማታ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ወንዝ እወርዳለሁ። ከክፍሉ ተማሪ ሁሉ ንጹሗ እኔ ነበርኩ፤ ለዚህ ግን ማንም አልሸለመኝም።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ዓርብ ተቀጠረ። ዓርብ የአንድ ቅዱስ በዓል ሆኖ ተገኘና ወደ ቅዳሜ ተዛወረ። እኛ ደግሞ ቅዳሜ ሰንበታችን ነው፤ አንጽፍም፣ ሩቅ መንገድም አንሄድም። አባቴ እኔን አስከትሎ ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄደ። ዳይሬክተሩ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ከረባቱን ለእንቅልፍም የሚፈታ የማይመስል ሰው ነበር።

«ሕግ ለሁሉም እኩል ነው» አለው። «ያልመጣ ወደቀ።»

«ጌታዬ፣ የዓርቡ ፈተና ለበዓላችሁ ተብሎ ተዛውሮ የለም እንዴ?»

«እሱ ሌላ ነው።»

እኩልነት የሚባለውን ነገር ያን ቀን አወቅሁት።

ያዳኑኝ የክፍላችን መምህር የኔታ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያረጁ ሰው ስለነበሩ የጽሑፍ ፈተናን እንደ ፈረንጅ በሽታ ይቆጥሩት ነበር። «የልጂቱ እጅ ሰንበት ያክብር፤ አፏ ምን ሆነና!» አሉት ዳይሬክተሩን። «እኔው በዚያው ቅዳሜ መንደሯ ወርጄ በቃሏ እጠይቃታለሁ።» ዳይሬክተሩ «በዚያው ቅዳሜ» የሚለው ሕጉን ስላላጎደለበት ተስማማ። የእኛ ቄስ በበኩላቸው ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰነበቱና፣ «መናገር ሥራ አይደለም። ሰውየው ይጻፉ እንደሆነ ይጻፉ፤ ሰንበቱ የኛ እንጂ የሳቸው አይደለም» ብለው ፈረዱ።

የኔታ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጡ። ዓይናችንን ፈርተው ክታባቸውን ደረታቸው ላይ አውጥተዋል፤ በጋቢያቸው እስከ ዓይናቸው ተሸፋፍነዋል። እኛም እንዳይነኩን ፈርተናል። እሳቸውን ወይራ ሥር ድንጋይ ላይ አስቀመጥናቸውና እኛ ከወዲያ ማዶ ቆምን። በመካከላችን አንድ ጥማድ በሬ ያለ ችግር ያልፋል። ስለዚህ ፈተናው በጩኸት ሆነ። ሰንበት ነውና ሥራ የሌለው መንደርተኛ በሙሉ ወጣ።

«ከዓለም ውቅያኖስ ትልቁ ማን ይባላል?» ብለው ጮኹ የኔታ።

«ጣና!» አለ ሸማኔው ጎረቤታችን።

«ዝም በል አንተ! ልጂቱን ነው የምጠይቅ!»

«ምነው የኔታ፣ እኛስ ብንማር?»

«ፓስፊክ!» አልኩ።

ሸማኔው ዞሮ አፈጠጠብኝ። «አይተሽዋል?»

እንዲህ እንዲህ እያልን፣ መንደሩ እየተሳሳተ እኔ እያረምኩ፣ ታሪክ ላይ ደረስን።

«የጎንደርን ግንብ የሠራው ማን ነው?»

መንደሩ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የመጽሐፉን መልስ አውቀዋለሁ፤ የአንድ ንጉሥ ስም ነው። ግን ወለቃ ውስጥ ድንጋዩን የጠረቡት፣ ኖራውን ያቦኩት የኛ አያቶች መሆናቸውን ሳይሰማ ያደገ ልጅ የለም። እናቴን አየኋት፤ ጭቃዋ ትዝ አለኝ። የንጉሡን ስም ጠራሁ።

«ኧረ ተይ!» አሉ አንድ የመንደሩ ሽማግሌ ግንበኛ መሬቱን በምርኩዛቸው እየደበደቡ። «እሱ ኖራ አቡክቷል? ድንጋይ ተሸክሟል?»

«አያ፣ ፈተና እኮ ነው» አለ አባቴ።

«ፈተና ከሆነማ እውነቱን ትናገራ!»

የኔታ እርሳሳቸውን ከወረቀቱ አነሡ። አፌ ያኔም ዝምታ አይችልም ነበር። «ንጉሡ አዘዘ የኔታ፤ የሠሩት ግን የኛ አያቶች ናቸው። መጽሐፉ የጻፈው ያዘዘውን ብቻ ነው» አልኩ።

የኔታ ጋቢያቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብለው አዩን። ቡዳውንም ክታቡንም የረሱት ይመስለኛል።

«ንጉሡን ባትጠሪ ኖሮ እጥልሽ ነበር» አሉ። «አያቶችሽን ባትጠሪ ደግሞ እኚህ ሰውዬ እኔን በምርኩዝ ይጥሉኝ ነበር። አልፈሻል!»

እልልታው ጎንደር ሳይሰማ አልቀረም። እናቴ በአዲስ የሸክላ ዋንጫ ጠላ ቀድታ መሬት ላይ አኖረችና ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። የኔታ አማትበው አነሡት፤ አማትበው ጨለጡት።

ባዕድ የጠጣበት ሸክላ በኛ ደንብ ይሰበራል። በሰንበት አይሆንምና ዋንጫው ድንጋዩ ላይ ዋለ። ፀሐይ ጠልቃ ሰንበት ሲወጣ እናቴ በእጇ እንዳትነካው በእንጨት ደግፋ ብድግ አደረገችው። የስብራቱን ድምፅ ስጠብቅ፣ አገላብጣ አየችውና ከቤት ውጭ የአጥሩ ካብ ላይ በአፉ ደፋችው።

«አትሰብሪውም እንዴ?» አልኳት።

«ከርሞ ሊጠይቁሽ ሲመጡ በምን ሊጠጡ ነው?» አለችኝ።